የትምህርት ቤት አማካሪ ሙያዊ ማንነት

የትምህርት ቤት አማካሪ ሙያዊ ማንነት፣ አማካሪው ሥራው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በትምህርት፣ በልምምድና በሥራ ላይ ቀስ በቀስ የሚይዘው ግንዛቤ ነው። ሙያው የተነሣው ከሥራ መረጣ ምክር ሲሆን፣ ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 እ.ኤ.አ. በቦስተን የከፈተው ቢሮ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ ለቦታው ብዙውን ጊዜ የሚቀጠሩት የሥነ ልቦና ምሩቃን ናቸው።

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ምክር ነባር ነገር ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ የነፍስ አባት ኑዛዜ ሰምቶ ንስሐ ይሰጣል። አማካሪው ግን አይፈርድም፤ ተማሪው ራሱ አመዛዝኖ እንዲወስን ይረዳዋል። ጀማሪ አማካሪ ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ የራሱ የሚያደርገው ግን ተማሪዎች ሲመጡለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ከዲሲፕሊን ሥራ ጋር ያለው ድንበር ነው። አርፋጅ እንዲቀጣ ወይም በቀረ መምህር ምትክ ክፍል እንዲገባ የሚታዘዝ አማካሪ፣ በተማሪው ዓይን ሌላ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ መጥታ፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ለስንቅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሠርግ እንደተቆረጠላት ብትሰማ፣ ለቀጪዋ አትናገርም። ሕጉ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርግም፣ የሚያውቅላት ከሌለ አይደርስላትም። ስለዚህ አማካሪው ምስጢር የሚጠብቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነና አደጋ ሲኖር ለማን እንደሚያሳውቅ ገና በመጀመሪያው ውይይት ይነግራታል።