የእንስራው ላብ፦ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከመተማ ቆላ ሲታይ

በሚያዝያ ሐሩር በመተማ ቆላዋ የገንዳ ውሃ ከተማ የሸክላ እንስራ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ውሃው በገላው እየላበ ይተናል፤ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። ማታ ግን እንስራው ጎድሎ ይገኛል። ኢትዮጵያ ልትገነባው ያሰበችው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከሁሉ በፊት የሚያስነሳው ጥያቄ ይኸው የመጉደል ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈረመ። ሩሲያ ለግብፁ ኤል ዳባ ማመንጫ የምትሠራው ባለ 1200 ሜጋ ዋት ማብላያ ለአብነት ይወሰድ። ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ 3200 ሜጋ ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል። ሙቀቱ ውሃን እንፋሎት ያደርጋል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያሽከረክራል። ኤሌክትሪክ የሚሆነው ከሲሶው ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው፤ ቀሪው 2000 ሜጋ ዋት ሙቀት መጣያ ይፈልጋል።

ምርቱ አያጠራጥርም። ሕዳሴ በ5150 ሜጋ ዋት አቅሙ በዓመት 15760 ጊጋ ዋት ሰዓት እንዲያመነጭ ታስቧል። አንድ ማብላያ ከዓመቱ ዘጠኝ አሥረኛውን ቢሠራ 9460 ገደማ ይሰጣል፤ አቅሙ የግድቡን ሩብ ሳይሞላ ምርቱ ከግማሹ ይበልጣል። ዝናብም አይጠብቅም።

ውሃ ግን ይጠብቃል። ሙቀቱ በማቀዝቀዣ ማማ በትነት ከተወገደ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠፋል፤ ለአንድ ማብላያ በቀን 72000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ሱዳን ሲደርስ አትባራ የሚባለው የመተማው ጓንግ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ይሞላል፣ በበጋ ይመነምናል። የአየሩ ግለት ደግሞ ማማው ውሃውን በደንብ እንዳያቀዘቅዝ ስለሚያደርግ ተርባይኑ የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ማመንጫ የሚቀዘቅዘው በአትላንቲክ ውሃ ነው፤ ኤል ዳባ ሜዲትራኒያን ዳር ነው። በረሃ ውስጥ ያለው የአሪዞናው ፓሎ ቨርዴ የፊኒክስና የአካባቢዋ ከተሞች የተጣራ ፍሳሽ አለው። ማብላያው እዚህ ቢተከል ገንዳ ውሃ ይህን የሚያህል ፍሳሽ ከየት ታመጣለች?

መተማ ያላት ሌላ ነገር ነው። ባለ 230 ኪሎ ቮልቱ መስመር ከጎንደር በገንዳ ውሃ አድርጎ፣ መተማን አልፎ የሱዳኗ ገዳሪፍ ይገባል። ሲታቀድ የታሰበው ሽያጭ 100 ሜጋ ዋት ነበር። ማብላያ ድንገት ሲቆም 1200 ሜጋ ዋት በቅጽበት ከአገሪቱ የኃይል ቋት ይጎድላል፤ ያን ጊዜ አገሪቱን ከጨለማ የሚያድናት የራሷ መጠባበቂያና ከጎረቤት የሚመጣ ኃይል ነው። ይህ መስመር አሁን ባለው አቅሙ ለዚያ አይበቃም።

እንግዲህ ማብላያው የመተማ ቆላ ዕጣ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ውሃ ዳር ይተከል። መስመሩን የማስፋቱ ሥራ ግን ማብላያው ከመምጣቱ በፊት መተማ ላይ መጀመር አለበት።