ማገዶና ሚዛን

የደንቆሮ ደን ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደ ኖረ ይነገራል። በዙሪያው ያለው የቦረና ደጋ ግን ተመነጠረ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍም የጓሮ ማገዶ ሆነ። እርሱ ባልደረሰበት ኩበት ይነዳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ከ150 የሚበልጡ አማራጮችን መርምሮ ከ60 በላይ ሲመርጥ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከቀዳሚዎቹ መካከል አሰለፈ። ምርጫው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በመካነ ሰላም፣ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚማር ወጣት ውጤቱን ብቻ መንገር አይበቃም፤ ስሌቱን ራሱ ይሥራው። ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማገዶው ከወዴት መጣ? ከደንቆሮ የተቆረጠ ከሆነ የካርቦኑ ትርፍ እውነተኛ ነው። ተቆርጦ ከሚያቆጠቁጥ የጓሮ ባሕር ዛፍ ከሆነ ትርፉ እጅግ ያንሳል። ኩበት ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥቅም ፍጉ ለሚመለስለት ማሳ ነው።