በገናን በቤት ውስጥ ለመቅዳት፡ የማይክሮፎንና የመሣሪያ አመራረጥ

በገና በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የልበ አምላክ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ የሚከበር፣ ዐሥር አውታር ያለው የምስጋናና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ከበሮና ጸናጽል በሚያርፉበት በዐቢይ ጾም ወራት ድምፁ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ይሁን እንጂ በገና መደርደርን ከቀደሙት ተቀብለው ያቆዩልን አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የሚያውቁት ሁሉ በጽሑፍ አልሰፈረም፤ አንድ አባት ሲያርፉ ቅኝታቸው፣ የጣታቸው አጣጣልና የዝማሬያቸው ስልት ካልተቀዳ አብሮአቸው ያልፋል። የመምህር አለሙ አጋ በገና «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሙዚቃ ተከታታይ 11ኛ ቁጥር ወጥቶ በሩቅ አገር ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው የሆነው በጥንቃቄ የተቀዳ ድምፅ ስለነበረ ነው። ስለዚህ በቤቱ በገና መቅዳት ለሚፈልግ ምእመን የሚጠቅመውን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

የበገና ድምፅ ጠባይ

መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት የምንቀዳውን ድምፅ ማወቅ ይገባናል። የበገና አውታር በልማድ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በቆዳ በተለበጠው ገበቴ ላይ ባለው ብርኩማ ላይም ያርፋል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲመታ እንዚራውን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ ልዩ የሆነው የንብ መሰል ድምፅ ይወለዳል። ስለዚህ በገና በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይዟል፤ ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ እንዲሁም ከእንዚራው የሚወጣ ቀጭንና ረቂቅ ንዝረት። መልካም ቀረጻ ሁለቱንም ይጠብቃል።

የማይክሮፎን ምርጫ

ማይክሮፎኖች በዋናነት ዳይናሚክና ኮንደንሰር ተብለው ይከፈላሉ። እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያለው ዳይናሚክ ጠንካራና ለዐውደ ምሕረት ስብከት የተመቸ ነው። ነገር ግን ለዝግ ድምፅ ብዙ ማጉላት ስለሚፈልግ ከመሣሪያው የሚመጣውን ሽውታ አብሮ ያጎላል፤ የእንዚራውንም ረቂቅ ንዝረት ያደበዝዛል። ስለዚህ ለበገና ኮንደንሰር ይመረጣል። ኮንደንሰር ሲገዛ መታየት ያለበት የራሱ የውስጥ ጫጫታ መጠን ነው። ይህም በዴሲቤል ተጽፎ ይገኛል፤ ከ15 በታች ቢሆን መልካም ነው። ለምሳሌ ሮድ ኤን ቲ 1 ኤ የተባለው 5 ዴሲቤል ብቻ ነው። የድምፅ አቀባበሉም ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን አጉልቶ ከኋላው ያለውን የሚቀንስ፣ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ቢሆን የክፍሉን ጫጫታ ይቀንሳል።

አብዛኛው ኮንደንሰር 48 ቮልት ኃይል ይሻል። ይህን ኃይል የሚሰጠውና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ኦዲዮ ኢንተርፌስ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ፎከስራይት ስካርሌት 2 አይ 2 ሁለት ማይክሮፎን የሚቀበል የታወቀ ምሳሌ ነው። ቀረጻውንም እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነጻ ሶፍትዌር መሥራት ይቻላል።

ኮምፒውተር ለሌለው፣ ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ሥፍራ ወዳሉ አባቶች ሄዶ ለሚቀዳ ሰው በባትሪ የሚሠራ የእጅ መቅጃ ይሻላል። እንደ ዙም ኤች 1 ኤን ያለው ሁለት ማይክሮፎን ከራሱ ጋር ስላለው ሌላ መሣሪያ አያሻውም። ያለን የእጅ ስልክ ብቻ ከሆነም በዚያው እንቅዳ፤ ነገር ግን ጫጫታ የሚቀንሰውን ማስተካከያ እናጥፋ። ያ ማስተካከያ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ የእንዚራውን ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል።

ክፍሉና አቀማመጡ

ውድ ማይክሮፎን ባዶ ግድግዳ ያለውን ክፍል አያስተካክልም። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የድምፁን ነጸብራቅ ይቀንሳል። ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ይጥፋ፤ ስልክም ይዘጋ። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ዝናብ ሳይጥል መቅዳት ይገባል። የአንጀት አውታር በእርጥበትና በሙቀት ስለሚለዋወጥ በገናው በክፍሉ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይቃኝ፤ እንዚራውም ያን ጊዜ ይስተካከል።

አንድ ማይክሮፎን ብቻ ካለን ከደርዳሪው ፊት ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በደረት ቁመት አድርገን በገናውም ዝማሬውም እስኪመዛዘኑ በማዳመጫ እየሰማን እናስተካክል። ሁለት ካሉን አንዱ ከገበቴው ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ብርኩማው ጥቂት ሰያፍ ይቁም፤ ሁለተኛው ወደ አፍ ይዙር። በገና ሲደረድሩ ድምፅ ዝግ ስለሚል ዘማሪው ለማይክሮፎኑ ሲል ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ አናስገድድ፤ ጸሎቱን እንደ ልማዱ ያድርስ።

አቀዳድና አጠባበቅ

ቀረጻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በዋቭ ዓይነት ፋይል ይሁን። ይህ በሁለት መስመር ሲቀዳ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ኤም ፒ 3 ለመላላክ ይመቻል እንጂ አንዴ የጣለውን ድምፅ አይመልስም። የድምፁ ከፍተኛ መጠን ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ድንገት ጠንክሮ የተመታ አውታር አይሰነጠቅም። ሰው ሠራሽ የገደል ማሚቶ በዋናው ቅጂ ላይ አይጨመር። ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውም ማጥሪያ የበገናውን ወፍራም ድምፅ እንዳይወስድ ጥንቃቄ ይደረግ።

በመጨረሻም ከዝማሬው በፊት የደርዳሪው ስም፣ ቦታው፣ ዕለቱ፣ ቅኝቱና መምህራቸው ማን እንደነበሩ በቃል ይቀዳ፤ ስሙ የጠፋ ድምፅ ለትምህርት የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳልና። ከማሰራጨታችንም በፊት የባለቤቱን ፈቃድ እንጠይቅ። ቅጂው በሦስት ይባዛ፤ አንዱም በሌላ ቤት ይቀመጥ። መሣሪያው እስኪሟላ ስንጠብቅ አባቶችን እንዳናጣ፣ በእጃችን ባለው ዛሬውኑ እንጀምር።