እንጦጦ፣ ጸበሉና የነርሷ ጠረጴዛ

የጤና ፖሊሲያችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው ሚኒስትሮችና ለጋሾች ናቸው። እኔ ግን ከዚህ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት እንደተመረቀ ሰው፣ ታሪኩን ከእንጦጦ በኩል ባየው እመርጣለሁ።

የኤችአይቪ መድኃኒት አገራችን ሲገባ በክፍያ ነበር። ያኔ ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን እንጦጦ ላይ ቤት እየተከራዩ ጸበል ይጠመቁ ነበር፤ መክፈል ለማይችል ሰው ሌላ ምን በር ነበረው? በጥር 1997 ዓ.ም መንግሥት መድኃኒቱን በነፃ ማደል ጀመረ። «በነፃ ይሰጥ» ማለት አጭር ነው፤ ሥራው ግን ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

መድኃኒቱ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ከተቆራረጠ ቫይረሱ ይለምደዋል። ቤት ንብረቱን ትቶ ለጸበል የመጣ ሰው ደግሞ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ሊመስለው ይችላል። «ጸበሉን ልተው ወይስ ክኒኑን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚጠበቀው ከፊቱ ከተቀመጠችው ነርስ ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ፣ ያ ሸክም ቀለል አለ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ይበልጥ ከባድ ነበር። ሐኪም ስለማይበቃ አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ቀድሞ የሐኪም ድርሻ የነበረው መድኃኒት ማስጀመርና መከታተል ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች ተሰጠ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፎበታል። ዳሩ ግን ኃላፊነቱ ወደ ነርሷ ሲወርድ፣ ደረጃዋና ደመወዟ በዚያው ልክ ከፍ አላለም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ለብዙዎች ድንገተኛ መሰላቸው። እኔ ግን ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ሒሳብ ነው እላለሁ። በጎ ፖሊሲ ሁሉ በነርስ ትከሻ ላይ በዱቤ ሲሠራ ኖሯል፤ ዱቤ ደግሞ አንድ ቀን ይጠየቃል።

ከመካከላችን መመሪያ የሚያረቅቁ አሉ፤ ነርስ የሚያሠለጥኑ መምህራንም አሉ። ቀጣዩ መመሪያ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ ይህን የሚሠራው ማነው? በየትኛው ሰዓቱ? በስንት ክፍያ?