ወግ አጥባቂዎችና ሊበራሎች በብሔራዊ ቀውስ ጊዜ፦ አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ

በወግ አጥባቂዎችና በሊበራሎች መካከል በብሔራዊ ቀውስ ጊዜ የሚነሣው ክርክር ፖለቲካም ሞራልም ያለበት ሙግት ነው። ሀገር በተደፈረች ሰዓት መንግሥት ምን ያህል ሥልጣን ይኑረው? የዜጋ መብት እስከ ምን ድረስ ይጠበቅ? ጠላት ተብሎ የተያዘ ሰውስ በየትኛው ሕግ ይዳኝ? በቅርቡ ዘመን ይህ ሙግት ጎልቶ ከታየባቸው ሀገሮች ዋናዋ ዩናይትድ ስቴትስ ናት፤ ጊዜውም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተለምዶ ወግ አጥባቂው ለጸጥታ፣ ሊበራሉ ለነጻነት ይቆማል ይባላል። የድምፅ አሰጣጡና የፍርድ ቤት መዝገቡ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። የሁለቱም ጎራ ሰዎች እንደየወቅቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ መንበሩ ላይ ማን መቀመጡም የብዙዎችን አቋም ወስኗል። በድንጋጤው ሰዓት የራሳቸውን ወገን ተቃውመው የቆሙት ጥቂቶች ለሀገራቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ታሪካዊ መነሻ

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረበት በ1861 አካልን ነጻ የማውጣት መብትን አገዱ። ያለ ክስ የታሰሩ ሰዎች ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት በር ተዘጋ። ከዚያ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለአሜሪካ ሊበራሎች ትልቅ አርአያ ናቸው። ይሁንና ጃፓን ፐርል ሐርበርን ከደበደበች በኋላ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 የፈረሙት ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አስነቅሎ ራቅ ባሉ ስፍራዎች በተሠሩ ካምፖች አሳጎረ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተወልደው ያደጉ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 እርምጃውን በ6 ለ3 ድምፅ ሲያጸድቅ ውሳኔውን የጻፉት በሊበራልነታቸው የሚታወቁት ዳኛ ሁጎ ብላክ ነበሩ። በአንጻሩ የኮሎራዶው ገዥ ራልፍ ካር፣ የሩዝቬልትን የኢኮኖሚ ፖሊሲ አጥብቀው የሚነቅፉ ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ፣ ዜጋ ያለ ጥፋቱ አይታሰርም ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በ1942 ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል የወሰነው ሕግ የተፈረመው ደግሞ በ1988፣ በወግ አጥባቂው ፕሬዚዳንት በሮናልድ ሬገን እጅ ነው።

ጥቃቱና የአንድነቱ ሳምንታት

አሥራ ዘጠኝ የአልቃይዳ አባላት አራት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጠልፈው ሁለቱን ከኒው ዮርክ መንትያ ሕንጻዎች፣ አንዱን ከፔንታጎን ጋር አላተሙ፤ አራተኛው ተሳፋሪዎቹ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲተናነቁ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተከሰከሰ። ጠላፊዎቹን ሳይጨምር 2,977 ሰዎች ሞቱ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ በኢትዮጵያ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር።

ሕዝቡ መሪውን ከበበ። ጋለፕ በዚያው ወር ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ 90 በመቶ ድጋፍ አገኙ። ቡሽ ሴፕቴምበር 17 ቀን ዋሽንግተን ወደሚገኘው እስላማዊ ማእከል ሄደው ጫማቸውን አውልቀው ገቡና እስልምና ከሽብር ጋር አንድ እንዳይደረግ አሳሰቡ። ይህን ሊበራሎችም አመሰገኑላቸው።

ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግን የመጀመሪያው የተለየ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ምክር ቤቱ ሴፕቴምበር 14 ቀን ፕሬዚዳንቱ ጥቃቱን ባቀዱት፣ በፈጸሙት፣ በረዱትና ባስጠለሉት ላይ ኃይል እንዲጠቀሙ ሲፈቅድ ሴኔቱ 98 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ1 ድምፅ ሰጠ። ያቺ አንድ ድምፅ የካሊፎርኒያዋ ዴሞክራት የባርባራ ሊ ነበረች። በዕለቱ በብሔራዊ ካቴድራል የሙታን መታሰቢያ ጸሎት ላይ ቆይተው የመጡት ሊ፣ ሐዘን ድምፃቸውን እየቆራረጠው፣ መውጫውና ዒላማው ያልተለየ ጦርነት ውስጥ ከመግባት በፊት ቆም ብሎ ማሰብ እንደሚገባ ተናገሩ። የግድያ ዛቻ ጎረፈባቸው፤ ፖሊስ ይጠብቃቸው ጀመር። የፈቃዱ ስፋት ግን ያሉት አልቀረም። ከዓመታት በኋላ ጥቃቱ ሲፈጸም ገና ያልተቋቋመው አልሸባብ በዚያው ፈቃድ ሥር እንደሚካተት መንግሥት አስታወቀ፤ የኢትዮጵያ ጎረቤት የሆነችው ሶማሊያም የአሜሪካ አውሮፕላኖች የሚመቱባት የጦር ሜዳ ሆነች።

የሁለቱ ጎራዎች የሞራል መነሻ

ሥነ ልቡና ተመራማሪው ጆናታን ሃይት ልዩነቱን ለማስረዳት ባቀረቡት ሐሳብ በሰፊው ይታወቃሉ። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደሚሉት ሊበራሎች ሞራልን በዋናነት የሚመዝኑት ሰውን ከጉዳት በመጠበቅና በፍትሐዊነት ነው። ወግ አጥባቂዎች እነዚህን ሳይተዉ ለወገን ታማኝነትን፣ ለሥልጣን መታዘዝንና የተቀደሰውን ማክበርን በእኩል ደረጃ ይጨምራሉ። ሰላም ሲሆን ይህ ልዩነት ብዙም አይጎረብጥም። ጥቃት ሲመጣ ግን አንዱ ተሰለፉ ሲል ሌላው ማን ይጎዳል ብሎ ይጠይቃል።

ሃይት ራሳቸው በዚያን ጊዜ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሊበራል ነበሩ። ከጥቃቱ በኋላ የሀገራቸውን ባንዲራ መኪናቸው ላይ የመለጠፍ ብርቱ ፍላጎት አደረባቸው፤ እንደሳቸው ያለ መምህር ይህን ማድረጉ ግን አልተለመደም። በመጨረሻ በመኪናው የኋላ መስታወት በአንደኛው ጥግ የአሜሪካን፣ በሌላው ጥግ የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ለጠፉ። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ ይታያል።

የፓትሪዮት ሕግ

ጥቃቱ ከደረሰ በወር ተኩሉ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2001፣ ቡሽ የፓትሪዮትን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የስልክና የኢንተርኔት ክትትልን አሰፋ፤ የምርመራና የደኅንነት ተቋማት መረጃ እንዲለዋወጡ ፈቀደ። በአንቀጽ 215ም የደኅንነት ሰዎች በምስጢራዊ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንኛውንም ድርጅት መዝገብ መውሰድ እንዲችሉ አደረገ፤ የቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብም ስለማይቀርለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበር ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ሆነ።

ደጋፊዎቹ ጠንካራ ክርክር ነበራቸው፦ ጠላፊዎቹ ሀገር ውስጥ ሲዘጋጁ የደኅንነትና የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የያዙትን ፍንጭ አልተካፈሉም፤ የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታም የዜጋን ሕይወት መጠበቅ ነው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ደግሞ ነግ በእኔ የሚል ነበር። ዛሬ በባዕድ ላይ የተፈቀደው ነገ በዜጋ ላይ ይውላል አሉ። በሴኔት በ98 ለ1 ሲጸድቅ ብቻቸውን የተቃወሙት የዊስኮንሲኑ ዴሞክራት ረስ ፋይንጎልድ ነበሩ። በተወካዮች ምክር ቤት 357 ደግፈው 66 ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹ ሦስቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። አንዳንዶቹ አንቀጾች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካልታደሱ እንዲያበቁ የጊዜ ገደብ ይበጅላቸው ብለው የታገሉትም ወግ አጥባቂው የሪፐብሊካኖች መሪ ዲክ አርሜ ናቸው። ሕጉ በየጊዜው ዳግም ወደ ክርክር የተመለሰው በዚህ ገደብ ምክንያት ነው።

ንግግርና ታማኝነት

በቀውስ ጊዜ የሚነገር ቃል ከሌላ ጊዜ ይበልጥ ይከብዳል። ሴፕቴምበር 13 ቀን ሰባኪው ጄሪ ፋልዌል በቴሌቪዥን ቀርበው ለጥቃቱ ጽንስ አስወራጆችን፣ የሴቶች መብት ተሟጋቾችንና ግብረ ሰዶማውያንን ተጠያቂ አደረጉ፤ ዋይት ሐውስ ራሱን ከንግግሩ አራቀ፤ ሰባኪውም ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ወር ደራሲዋ ሱዛን ሶንታግ ጥቃቱ የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ውጤት መሆኑን ጽፈው የውግዘት መዓት ወረደባቸው። ሁለቱ በሐሳብ ሰማይና ምድር ናቸው። ሆኖም ሁለቱም መዓቱን የሀገር በደል ያመጣው አድርገው ማየታቸውን ብዙ ሰው በሐዘን ሰዓት ሊቀበለው አልቻለም።

የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን አሽክሮፍት ዲሴምበር 6 ቀን ሴኔት ቀርበው፣ ነጻነት ጠፋ እያሉ ሕዝብ የሚያስፈራሩ ሰዎች ሽብርተኞችን እንደሚረዱ ተናገሩ። ሊበራሎች ይህን ተቃውሞን ከክህደት ጋር ማዳበል ነው ብለው ነቀፉ።

የኢራቅ ጦርነት ሲመጣ ጎራዎቹ ይበልጥ ተደበላለቁ። በኦክቶበር 2002 ሴኔቱ ጦርነቱን በ77 ለ23 ሲፈቅድ ከ50ው ዴሞክራቶች 29ኙ ደገፉ። የግራ ክንፉ ጸሐፊ ክሪስቶፈር ሂችንስ ጦርነቱን ደግፈው ለሃያ ዓመት ከጻፉበት መጽሔት ለቀቁ፤ ወግ አጥባቂው ፓት ቡካነን በበኩላቸው ጦርነቱን የሚቃወም አዲስ መጽሔት አቋቋሙ።

ስቃይና እስር

የጓንታናሞ እስር ቤት በጃንዋሪ 2002 ተከፈተ፤ በአጠቃላይ 780 ያህል ሰዎች ገብተውበታል። በዚያው ዓመት ኦገስት የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች ፊትን በጨርቅ ሸፍኖ ውሃ ማፍሰስን የመሰሉ የምርመራ ዘዴዎችን ሕጋዊ ናቸው ብለው ጻፉ። ሙግቱ ከዚህ በኋላ የሞራል ጥግ ላይ ደረሰ። ወግ አጥባቂው አምደኛ ቻርልስ ክራውትሐመር የብዙዎችን ሕይወት ለማዳን ሲባል ማሰቃየት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብለው ተከራከሩ። ሊበራሉ የሕግ መምህር አለን ደርሾዊትዝም ድርጊቱ አይቀርምና ቢያንስ በዳኛ ማዘዣ ይሁን አሉ።

በሐኖይ እስር ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ታስረው የተሠቃዩት ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን መኬይን ተነሡባቸው። በ2005 እስረኞችን ማሰቃየትን የሚከለክል ማሻሻያ አቅርበው በ90 ለ9 አሳለፉ፤ ዘጠኙ ተቃዋሚዎች ሁሉ ሪፐብሊካኖች ቢሆኑም አብዛኛው የፓርቲያቸው አባል ከመኬይን ጎን ቆመ።

በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ክስ የታሰረን አሜሪካዊ ጉዳይ ሲመለከት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጦርነት ለፕሬዚዳንት የተሰጠ ባዶ ቼክ አለመሆኑን ጻፉ። ከሁሉ ርቀው የሄዱት ግን የወግ አጥባቂዎች ምሰሶ የሚባሉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ምክር ቤቱ አካልን ነጻ የማውጣት መብትን ካላገደ በቀር መንግሥት ዜጋውን በወንጀል ይክሰስ ወይም ይልቀቅ አሉ፤ አብረዋቸው የፈረሙት ሊበራሉ ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ነበሩ።

የሆስፒታሉ ምሽት

በአንድ ጎራ ውስጥ ስላለው ትግል ከማርች 10 ቀን 2004 የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የሚካሄድ ምስጢራዊ ክትትል በማግስቱ ፈቃዱ ያበቃ ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች መርምረው ሕጋዊ መሠረት የለውም ብለዋል። አሽክሮፍት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተዋል፤ ሥልጣናቸውን የያዙት ምክትላቸው ጄምስ ኮሚ ናቸው። ሁለት የዋይት ሐውስ ባለሥልጣናት ፊርማ ፍለጋ ወደ ሕመምተኛው እየሄዱ መሆኑን ኮሚ ሲሰሙ ወደ ሆስፒታሉ ከንፈው ደረጃውን በሩጫ ወጡ፤ ቀድመዋቸው ደረሱ። እንግዶቹ ፖስታ ይዘው ሲገቡ አሽክሮፍት ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው ለምን እንደማይፈርሙ አስረዱ። አሁን ሚኒስትሩ እሳቸው አይደሉም፤ ኃላፊው እዚህ አለ ብለው ወደ ኮሚ አመለከቱ። ተቺዎችን በብርቱ ቃል የነቀፉት ወግ አጥባቂ በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ለሕግ ቆሙ። በክፍሉ የተገኙት ባለሥልጣናት ሁሉ የቡሽ አስተዳደር ሰዎች ነበሩ።

ቢንያም መሐመድ

ይህ ሙግት አንድ ኢትዮጵያዊንም በቀጥታ ነክቷል። ኢትዮጵያ ተወልዶ በ1994 ጥገኝነት ፍለጋ ብሪታንያ የገባው ቢንያም መሐመድ በ2002 ካራቺ ውስጥ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሞሮኮ ተወስዶ ከባድ ስቃይ እንደተፈጸመበት ተናግሯል፤ በአፍጋኒስታን በኩልም በ2004 ጓንታናሞ ደረሰ። የቀረበበት ክስ በ2008 ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ ብሪታንያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት አንዲት የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ በሌላ እስረኛ መዝገብ ላይ ሲወስኑ ቢንያም ስለደረሰበት ስቃይ የሰጠው ቃል የሚታመን ሆኖ አግኝተውታል።

ቢንያምና ሌሎች እስረኞች እነሱን ባጓጓዙት በረራዎች ዝግጅት ተሳትፏል ያሉትን ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስሰው ነበር። የቡሽ መንግሥት ጉዳዩ የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ክሱ ይዘጋ ብሎ ተከራከረ። ባራክ ኦባማ ሥልጣን ከያዙ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ችሎቱ ሲሰየም ዳኞቹ የመንግሥት ለውጡ አቋም ለውጦ እንደሆነ ጠየቁ። ጠበቃው አልለወጠም አሉ። ክሱ በ2010 በ6 ለ5 ድምፅ ተዘጋ።

ሥልጣን ሲለዋወጥ

በ2013 ለደኅንነት መሥሪያ ቤት በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካውያን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ እንደሚሰበሰብ ሲያጋልጥ መንግሥቱ የዴሞክራቶች ነበር። የመዝገብ አሰባሰቡን ለማስቆም ወግ አጥባቂው ጀስቲን አማሽና ሊበራሉ ጆን ኮንየርስ በጋራ ያቀረቡት ሐሳብ በ205 ለ217 ወደቀ፤ ከደጋፊዎቹ 94ቱ ሪፐብሊካን፣ 111ዱ ዴሞክራት ነበሩ። የጅምላ አሰባሰቡ በ2015 በወጣ ሕግ ታገደ፤ አንቀጽ 215ም ምክር ቤቱ ሳያድሰው በማርች 2020 ጊዜው አበቃ።

በጃንዋሪ 2021 ሁከተኞች የምክር ቤቱን ሕንጻ ሰብረው ከገቡ በኋላ የሀገር ውስጥ ሽብርን የሚከታተሉ ልዩ ክፍሎች ይቋቋሙ የሚለውን ሐሳብ ያራመዱት በዋናነት ዴሞክራቶች ነበሩ። የመንግሥት ክትትል በዜጎች ላይ ይዞራል ብለው የተቃወሙት ደግሞ ሪፐብሊካኖች ናቸው። ረቂቁ በሜይ 2022 በተወካዮች ምክር ቤት 222 ለ203 ሲያልፍ የደገፈው ሪፐብሊካን አንድ ብቻ ነበር፤ በሴኔት ግን 47 ለ47 ሆኖ ቀረ።