የደጃዝማች በላይ ዘለቀ መታሰቢያ (ብቸና)

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ መታሰቢያ፣ በምሥራቅ ጎጃም በብቸና ከተማ፣ በፈረስ ስማቸው «አባ ኮስትር» እየተባሉ ለሚጠሩት አርበኛ ለደጃዝማች በላይ ዘለቀ (1904–1937 ዓ.ም.) የቆመ ሐውልት ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ጎዳና የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ከደረሰ በኋላ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ሰሜን ታጥፎ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ ስለ ሆነ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ አርበኛው ያደጉበትንና የተጋደሉበትን አገር አቋርጦ ይሄዳል።

ትውልድና የቀደመ ሕይወት

የበላይ አባት ባሻ ዘለቀ ላቀው የብቸና አውራጃ ሰው ሲሆኑ፣ ወሎ ወርደው ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔን አግብተው ከልጅ ኢያሱ ባለሟሎች ጋር ተቈጠሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው፣ በወሩ ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት በሸዋ ሠራዊት ድል በሆኑ ጊዜ፣ ያ የወገን ለወገን ጦርነት ያስከተለው ጥፋት ከሩቅ ቤተ ሰብ ድረስ ደረሰ። ባሻ ዘለቀ ወደ ጎጃም ተመልሰው ጥቂት ከቈዩ በኋላ ሊይዟቸው ከመጡት የመንግሥት ሰዎች ጋር ተዋግተው ሞቱ፤ ልጃቸው በላይም የአባታቸውን ደም በልባቸው ይዘው፣ ከወንድማቸው ከእጅጉ ጋር ጫካ ገብተው ሸፈቱ። የኋለኛውን የአርበኝነት ዘመን ያለዚህ ጅማሬ መረዳት አይቻልም።

የአርበኝነት ዘመን

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በላይ የግል ቂማቸውን ወደ ጎን ትተው በብቸና ቈላና ደጋ ጦር ሰበሰቡ። በመንገድ የሚያልፈውን የጠላት ስንቅና መሣሪያ እየማረኩ ጭፍራቸውን አስታጠቁ፤ ከጠላት ነጻ ባደረጉትም ምድር ዳኛ ሾመው፣ ለተከታዮቻቸው እንደ መንግሥት ወግ ማዕርግ ሰጥተው አገር አስተዳደሩ። ይሁን እንጂ የጎጃም ጦርነት ከባዕድ ጋር ብቻ የተደረገ አልነበረም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ለጣሊያን አድረው ስለ ነበር፣ አርበኛና ባንዳ ሆኖ የተለያየው የአንድ አጥቢያ ሕዝብ፣ በአንድ ቅዳሴ ሲቀበል የኖረ ወገን ነበረ።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ዓባይን ሲሻገር፣ በላይ በማምለጫው መንገድ ላይ ደፈጣ እንዲጥሉ ይጠበቅ ነበር፤ ጠላት ግን ያለ ከባድ ውጊያ አመለጠ። የዘመቻው የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ አባብለዋቸዋል ብለው ይከሷቸዋል። ይህ ክስ በታሪክ ፊት ሊጠቀስ የሚገባው ቢሆንም፣ አምስቱን ዓመት ሙሉ በዱር በገደል የተፈጸመውን ተጋድሎ የሚሽር አይደለም።

ከነጻነት በኋላ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መናገሻ ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በላይ የደጃዝማችነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው የብቸና ገዥ ሆኑ። ጎጃም በጠቅላላው ለሌሎች ሲሰጥ የራሳቸው ድርሻ ከድካማቸው አንሶ ስለ ታያቸው ቅሬታ አደረባቸው፤ ማዕከላዊው መንግሥትም የተደራጀ ጦር ያለው የአገር ልጅ በሩቅ አውራጃ መቀመጡን በሥጋት ይመለከት ነበር። በ1935 ዓ.ም. ነገሩ ከሽምግልና አልፎ ወደ ጦርነት ተለወጠ፤ ሶማ በተባለው ስፍራ ምሽግ ይዘው ከተዋጉ በኋላ እጃቸውን ሰጡ። የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለውጦላቸው ሳለ፣ አብረዋቸው ከታሠሩት ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእሥር ቤት አምልጠው ተያዙ፤ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. ከማሞና ከወንድማቸው ከእጅጉ ጋር በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀሉ።

መታሰቢያነቱ

በመንግሥት ፍርድ የሞተ ሰው በመንግሥት እጅ ሐውልት አይቆምለትምና፣ የበላይ ዝክር በዘውዱ ዘመን የተጠበቀው በቃል ነበር። በሠርግና በልቅሶ፣ በደቦና በዘመቻ፣ ፉከራውና ቀረርቶው ስማቸውን ከአባት ወደ ልጅ አሻገረ፤ በብቸናና በሞጣ አገር ስማቸው ዛሬም በክብር ይነሣል። ዘውዱ ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳና፣ ቈይቶም የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰየመ። ከእነዚህ ሁሉ የብቸናው ሐውልት ልዩ የሚሆነው፣ አርበኛው ራሳቸው ባስተዳደሩት ሕዝብ መካከል በመቆሙ ነው።

ሐውልት የጀግናን ድል ብቻ ነግሮ መከራውን ከሸሸገ የታሪክን ግማሽ ያስተምራል። የበላይ ዘለቀ ሕይወት በወገን ጦርነት አባት ካጣ ልጅ ተነሥቶ፣ ስለ አገሩ በጽናት ተጋድሎ፣ በነጻ አገሩ ሕግ በገመድ የተፈጸመ ነውና፣ ወጣቱ ከዚህ መታሰቢያ ሁለት ትምህርት ይወርሳል፦ ባዕድ ሲመጣ ቂምን ማስቀደም እንደማይገባ፣ ነጻነትም ከተገኘ በኋላ የደከመውን በጊዜው ማክበርና የወገንን ጠብ በሽምግልና መጨረስ የመንግሥትም የአርበኛም ግዴታ መሆኑን። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በድንጋዩ አጠገብ ለሚቆም ተማሪ በግልጽ የሚያስረዳ መምህርና ጽሑፍ ማሰናዳት ለሐውልቱ የሚገባው እውነተኛ እንክብካቤ ነው።