ሞቡላዎቹ ሲነሱ

እስቲ ዛሬ ራቅ ወዳለ ባሕር ልውሰዳችሁ። ሜክሲኮ ድረስ ነው። የዓለም ካርታ በአጠገባችሁ ካለ ጣታችሁን በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ታች አውርዱት፤ ከካሊፎርኒያ ሥር ተነስታ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ የምትወርድ ቀጭን ምድር ታገኛላችሁ። ባሃ ካሊፎርኒያ ትባላለች። በእሷና በዋናው የሜክሲኮ ምድር መካከል የተኛው ጠባብ ባሕር የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ብዙዎች የኮርቴዝ ባሕር ይሉታል። አፋርንና ቀይ ባሕርን የሚያውቅ ሰው ይህን ባሕር ለመረዳት አይቸገርም። እሱም መሬት ተሰንጥቃ ስትራራቅ የተወለደ፣ በምድር ዕድሜ ሲለካ ገና ልጅ የሆነ ባሕር ነው። ዳርቻውም ቁልቋል የቆመበት፣ ዝናብ የሚናፍቀው በረሃ ነው።

ታዲያላችሁ፣ ወሩ ግንቦት ነው እንበል። ገና ጎህ ሲቀድ ላ ቬንታና ከምትባል መንደር በፓንጋ ወጥተናል፤ ፓንጋ የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆች የሚሠሩባት ክፍት የሞተር ጀልባ ናት። ነፋስ የለም። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ከማየታችሁ በፊት ትሰማላችሁ። ጧ! ከሩቅ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ጧ! ጧ! ዘወር ስትሉ ጠቆር ያለ ነገር ከውሃው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ነጭ ሆዱን አሳይቶ ይወድቃል። እሱ ሳይወድቅ ሌላው ይነሳል። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠሩን ትተዉታላችሁ። ፈንዲሻ ምጣድ ላይ ሙቀቱ ሲደርሰው መጀመሪያ አንድ ሁለት ብሎ ኋላ ሁሉም በአንዴ እንደሚነሳ፣ ባሕሩም እንደዚያ ይሆናል።

ሞቡላዎች ናቸው።

ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለይታችሁ ተከተሉት። ሽቅብ ነው የሚወጣው፣ በአፍንጫው። ገላው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ እምብዛም አይረጭም። ክንፎቹ አየር ላይም አያርፉም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል አንድ ሁለቴ ያርገበግባቸዋል፤ ከጫፋቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ሁለት ሜትር ያህል ይነሳል። ያን ያህል ለመነሳት ከውሃው ሲላቀቅ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ መፍጠን አለበት፤ አየር ላይ የሚቆየው ግን ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። አንዳንዱ በዚያች ቅጽበት ይገለበጣል። ብዙዎቹ ግን ክንፋቸውን እንደዘረጉ በሆዳቸው ይወድቃሉ፤ ያ ጧ የሚለው ድምፅም ከዚያ የሚመጣ ነው። ይህን አወዳደቅ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሞቡላ ዓሣ ነው፤ የሻርክ ዘመድ። እንደ ሻርክ ሁሉ ገላውን የሚያቆመው ልም አጥንት ነው። ከወገኖቹ ትልቁ፣ ማንታ የሚባለው፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የእኛ ባለታሪክ ግን ከትንንሾቹ ነው፤ ክንፉ ቢዘረጋ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በጅራቱ ላይ የሚወጋ እሾህ የለውም፤ ሰው አይነክስም። የድሮ መርከበኞች በራሱ ግራና ቀኝ ቀንድ የመሰሉ ነገሮች አይተው የዲያብሎስ ዓሣ አሉት። እኔ ግን ይህን የዋህ ፍጡር በዚያ ስም ልጠራው አልወድም። እነዚያ ቀንድ የተባሉት ሁለት ለስላሳ ክንፎች ናቸው። ሲጓዝ ይጠቀልላቸዋል። ምግብ ሲያገኝ ይተረትራቸውና ከአፉ ግራና ቀኝ ይዘረጋቸዋል፤ ውሃውን ወደ አፉ የሚመራው በእነሱ ነው። ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይወጣል፤ በስንጥቡ ውስጥ ያለው ማጣሪያም ምግቡን ያስቀርለታል። ምግቡ በሚሊ ሜትር የሚለኩ፣ ሽሪምፕ የሚመስሉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

እነዚህ ደቃቆች ናቸው ያን ሁሉ ሕዝብ የሚጠሩት። በክረምታቸው ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ሲገፋ፣ ከሥር ቀዝቃዛና ብዙ ንጥረ ነገር የያዘ ውሃ ይወጣል። ፀሐይ ሲበረታ በዚያ ውሃ ላይ ፕላንክተን የሚባለው ተንሳፋፊ ሕይወት ይፈላል፤ እሱን የሚበሉት ደቃቆች ይበዛሉ፤ ሞቡላዎቹም ተከትለው ይመጣሉ። በሺዎች ነው የሚመጡት። ከሰማይ በድሮን የተነሡ ምስሎችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ክንፍ ለክንፍ ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው፣ ከላይ ያሉት ከሥር ያሉትን ሸፍነው፣ አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም እየታጠፈ ይጓዛሉ።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነው። ጀልባ ላይ መብራት ተሰቅሎ ወደ ውሃው ከወረደ ደቃቆቹ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። ብዙም ሳይቆይ ከጨለማው ውስጥ ሞቡላዎቹ ይመጣሉ፤ ቀንዳቸው ተተርትሮ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ በመብራቱ ሥር እየተገለባበጡ ይበላሉ። ጭንብል አድርጎ ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ሰው አጠገብ ያልፋሉ። ቀን በጩኸት የወደቁት እነዚያው ናቸው ሌሊት እንዲህ ቀስ ብለው የሚሄዱት።

ለምን ይዘላሉ? የባሕር ሳይንስ ሊቃውንት ጥያቄውን አልዘጉትም። አንዳንዶቹ በገላቸው የተጣበቁ ጥገኛ ተባዮችን ለማራገፍ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ወንዱ ጉልበቱን ለሴቷ የሚያሳይበት ነው ይላሉ፤ መሰብሰቢያቸው የመራቢያ ጊዜያቸውም ስለሆነ ነገሩ ይመስላል። ሦስተኛው ወገን ድምፁን ያነሳል፤ መልእክት ነው፣ እዚህ ነን፣ ኑ የሚል። እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው፤ ምክንያቴም ያ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ አወዳደቅ ነው። ተባይ ለማራገፍ በማንኛውም ጎን መውደቅ በቂ ነበር። ከዘላዮቹ ብዙዎቹ የሚወድቁት ግን ትልቁን ድምፅ በሚያወጣው ጎናቸው ነው፤ መንጋው ከበዛ ደግሞ ዝላዩም ይበዛል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በአየር ከሚሄድበት አራት እጥፍ ያልፋል። ዓይን ጥቂት ሜትር ብቻ በሚያይበት ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ፍጡር ከድምፅ የተሻለ ምን አለ?

የድምፅን ነገር ካነሳን አይቀር፣ የዚህን ትንሽ ሞቡላ ስም ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጁሴፔ ኖታርባርቶሎ ዲ ሻራ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ለዶክትሬቱ ይሠራ ነበር። ጥናቱን ያካሄደው ከላ ቬንታና ብዙም በማይርቀው በፑንታ አሬና የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሞቡላ እያጠመዱ ያወርዱ ነበር፤ ሥጋው ደርቆ፣ ተቀጥቅጦ፣ ማቻካ ተብሎ ይበላ ነበር። እሱ የወረደውን እየለካ፣ ጥርሱን እያየ፣ ስንጥቡን እየከፈተ ከመካከላቸው ሳይንስ የማያውቀውን አንዱን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1987 ግኝቱን ሲያሳትም ሞቡላ ሙንኪያና ብሎ ሰየመው፤ በስክሪፕሱ ሊቅ በፕሮፌሰር ዋልተር ሙንክ ስም።

ፕሮፌሰር ሙንክ በ1917 ቪየና ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከውቅያኖስ ተመራማሪው ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ሆነው የማዕበልን ቁመት አስቀድሞ መተንበይ የሚቻልበትን መንገድ አወጡ፤ ወታደሮች በ1944 ኖርማንዲ ላይ ሲወርዱ ዘዴው አገልግሏል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀው በ1991 ያደረጉት ነው። በደቡባዊ የሕንድ ውቅያኖስ፣ ሰው በማይኖርባት የኸርድ ደሴት አጠገብ፣ ከመርከብ ድምፅ ማሰሚያ ወደ ውሃው አወረዱ። ከዚያ የተላከው ድምፅ አትላንቲክ ላይ በርሙዳ አጠገብ ተሰማ፤ በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻም ተሰማ። ዓላማቸው በድምፁ ፍጥነት የውቅያኖሱን ሙቀት መለካት ነበር። እንግዲህ ውቅያኖስን በድምፅ ያነጋገሩት ሰው ስም፣ ውሃን በሆዱ እየመታ ለሚጮህ ዓሣ ተሰጠ። ኖታርባርቶሎ ስሙን ሲያወጣ ይህ ሙከራ ገና አልተደረገም ነበር። ዕድሜያቸው ወደ መቶ ሲጠጋ ፕሮፌሰሩ ሞክሼያቸውን ፍለጋ ወደዚሁ ባሕር፣ ወደ ካቦ ፑልሞ መንደር ተጉዘዋል። በ2019፣ በ101 ዓመታቸው አረፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያየ ሰው ይህ ዓሣ አያልቅም ብሎ ያስባል። ተሳስቷል። ብዙው ዓሣ እንቁላሉን በሺህ በሚሊዮን ይበትናል። የሞቡላ እናት የምትወልደው አንድ ነው። በሆዷ ይዛው ብዙ ወራት ትቆያለች፤ ጽንሱንም ማኅፀኗ በሚያመነጨው ወተት መሰል ፈሳሽ ትመግበዋለች። ግልገሉ ክንፉ ተጠቅልሎ ይወለዳል፤ ወዲያው ዘርግቶ ይዋኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ እስክትወልድ ጊዜ ይፈጃል። እንዲህ የሚባዛ ፍጥረት በሺዎች አንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ የሰፊ ባሕር ሀብት በአንድ መረብ ልክ ተሰበሰበ ማለት ነው። የአንድ ሌሊት መረብ የብዙ ዓመት ልደት ይወስዳል። እርስ በርስ ይጠራሩበታል ያልኩት ድምፅም ለዓሣ አጥማጁ ቦታውን ይነግረዋል።

በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ ደግሞ የስንጥባቸው ማጣሪያ ደርቆ ለመድኃኒት ሲሸጥ ኖሯል፤ በኪሎ ሲመዘን ዋጋው ከሥጋው ጋር አይወዳደርም። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር ሞቡላ ለሥጋው ሳይሆን ለስንጥቡ መታደን ጀመረ። ሜክሲኮ በ2007 ባወጣችው የዓሣ ማስገር ደንብ ሞቡላንና ማንታን ማጥመድ ከልክላለች። በ2016 ደግሞ ሞቡላዎች በሙሉ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሳይቲስ ውስጥ ገቡ። ለሌላ ዓሣ የተጣለ መረብ ግን ደንብ አያነብም፤ ዛሬም ያስቀራቸዋል።

ተስፋ የሚሰጠኝ የካቦ ፑልሞ ሰው ነው። መንደሯ ትንሽ ናት፤ ዓሣ በማጥመድ የኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች። በ1980ዎቹ ኮራላቸው አጠገብ ዓሣው እየጠፋ ሄደ፤ አባቶች ከሚያጠምዱበት እጅግ ርቀው መሄድ ያዙ። ቤተሰቦቹ ከሊቃውንት ጋር መከሩና መንግሥት ባሕራቸውን እንዲከልለው ጠየቁ፤ በ1995 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። መረባቸውን ሰቅለው ጠላቂዎችን ማስጎብኘት ጀመሩ። ከእጃቸው እንጀራ እየወጣ፣ ይመለሳል አይመለስም ሳያውቁ ነው ያደረጉት። ከ1999 እስከ 2009 በተደረገ ጥናት በፓርኩ ውስጥ ያለው የዓሣ ክብደት በ463 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሞቡላዎቹ ዛሬ ፊታቸው ላይ ይዘላሉ፤ የመንደሩ ልጆችም የአባቶቻቸውን ፓንጋ እየነዱ እንግዳ ያሳያሉ።

ከዚያ በስተሰሜን፣ ከላ ፓዝ ከተማ ማዶ፣ እስፒሪቱ ሳንቶ የምትባል ደሴት አለች። ኤንሴናዳ ግራንዴ የሚባለው የባሕር ወሽመጥዋ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ሞቃት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ ግልገል ሞቡላዎችን ይዘው ምልክት እያሰሩ ሲለቁ ከርመው፣ በ2021 ቦታው የግልገሎች ማሳደጊያ መሆኑን አሳተሙ። ወሽመጡ ውብ ስለሆነ የመዝናኛ ጀልባዎችም ይወዱታል፤ መልሕቃቸውን ግልገሎቹ በሚውሉበት ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ ቅርብ ናችሁና፣ ለካፒቴኑ ንገሩልኝ፦ ሞተሩን ከሩቅ ያጥፋው። መንጋውን እየነዳ አይከተል። ውሃ ውስጥ ከገባችሁም አታሳድዷቸው፤ ባላችሁበት ተንሳፈፉ፣ ከፈለጉ እነሱ ይመጣሉ።